ሲስተርን ጠይቁ፦ የባንኮክ ደም ምርመራ ካዛንቺስን ምን አገባው?

ባለፈው ወር እትም ላይ እስያ ውስጥ ኤችአይቪና አባላዘር በሽታ ይበልጥ የሚያገኛቸውን ሰዎች፣ ማለትም በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩትን፣ በመርፌ እፅ የሚወስዱትን ምናምን እንዴት እየተከታተሉ እንደሚመረምሩ አጠር ያለ ነገር ፅፌ ነበር። ከዛ በኋላ የመጣው ደብዳቤና ቴክስት ግን ከፅሁፉ ይበልጣል። አንዳንዱ ስድብ ነው፣ እሱን ትቼዋለሁ። ከቀረው የተወሰነውን እነሆ፣ ስም አላወጣም ሰፈር ብቻ ነው የምፅፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው እየቀነሳችሁ አንብቡ።

«ሰላም ሲስተር፣ የፐብሊክ ሄልዝ ተማሪ ነኝ። ለአሳይመንት ሳነብ ታይላንድ በ1989 ቺያንግ ማይ ከተማ ሴተኛ አዳሪዎችን መርምራ ከ100 44ቱ ላይ ቫይረሱን አገኘች ይላል። ያልገባኝ፣ ሳምፕሉ ራንደም አይደለም፣ አንድ ከተማ ነው፣ እሱን ይዘው እንዴት የአገር ፖሊሲ ይቀየራል? መምህራችን ሴንቲኔል ነው ብሎ አለፈው።» ከጥቁር አንበሳ

ራንደም እንዳልሆነ ማየትሽ ራሱ ጎበዝ ያስብልሻል፣ ብዙ ሰው 44 የምትለዋን አይቶ ታይላንድ አለቀላት ብሎ ነው የሚሄደው። ሴንቲኔል እኮ አገር ለመቁጠር የተሰራ ነገር አይደለም። ቫይረሱ ቀድሞ ብቅ የሚልበት ቦታ ትመርጪና ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ አይነት ሰው፣ በዛው መንገድ በየስድስት ወሩ ወይ በየዓመቱ እየመረመርሽ ወዴት እያመራ እንደሆነ ታያለሽ። ስህተት አለው፣ ግን ስህተቱ በየዓመቱ አንድ አይነት እስከሆነ ድረስ መጨመሩንና መቀነሱን ይነግርሻል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ታይላንዶች ጁን 1989 ላይ በ14 ክፍለ ሀገር ሲጀምሩ ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ አይደለም የመረመሩት፣ በመርፌ እፅ የሚወስዱትን፣ አባላዘር ክሊኒክ የሚመጡ ወንዶችን፣ እርጉዞችንና ደም ለጋሾችንም ጨምረው ነው። ጎን ለጎን ሲታይ ነው ነገሩ የሚያስፈራው። በ1988 ባንኮክ ውስጥ ሄሮይን በመርፌ የሚወስዱት ላይ ቫይረሱ ከምንም ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ከ30 በላይ ደረሰ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ላይ፣ ቀጥሎ ደንበኞቻቸው ላይ፣ ቀጥሎ የደንበኞቻቸው ሚስቶች ላይ፣ በተራ በተራ ታየ።

አሳይመንትሽ ላይ ወታደሮቹን እንዳትረሺ። ታይላንድ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ወንድ ለውትድርና የሚገባው በእጣ ነው፣ እጣ ደሞ ሀብታም ደሃ ገጠር ከተማ ብዙም አይለይም፣ ስለዚህ አንቺ ራንደም የምትይው ነገር ያለ ምንም ወጪ ነው የመጣላቸው። እነዛ ልጆች ላይ 1993 አካባቢ ከ100 ወደ 4 ደረሰና ከዛ መውረድ ጀመረ። 4 ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ ግን ይሄ ሴተኛ አዳሪ አይደለም፣ ጤነኛ ተብሎ የተመለመለ የ21 ዓመት ወጣት ነው። ፖለቲከኞቹን ያስደነገጠው እሱ ይመስለኛል።

እንዴት ወረደ? ራቻቡሪ የሚባል ክፍለ ሀገር ላይ በ1989 ኮንዶም የሌለበት ስራ የለም የሚል አሰራር ተጀመረ፣ በ1991 አገር ሙሉ ሆነ። አባላዘር ክሊኒክ የመጣ ወንድ ጨብጥ ከተገኘበት የት ቤት ሄዶ እንደነበር ይጠየቃል፣ የቤቱ ባለቤት ይጠራል፣ ይገሰፃል፣ ካልሰማ ይዘጋበታል። በሴቶቹ ዘንድ የኮንዶም አጠቃቀም በ1989 ከ100 14 የነበረው በ1993 94 ደረሰ፣ መንግስት ክሊኒኮች የሚመጡ ወንዶች ላይ ዋና ዋናዎቹ አባላዘር በሽታዎች በ79 ፐርሰንት ቀነሱ። ጨብጥ ለምን ይቆጠራል ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ጋ አለ። ኤችአይቪ ዛሬ የያዘው ሰው ነገ አይታመምም፣ ምርመራ ላይ ያገኘሽው ዛሬ ይያዝ ከአምስት ዓመት በፊት ይያዝ አታውቂም። ጨብጥ ግን ወንድ ላይ በቀናት ውስጥ ይታያል፣ ስለዚህ ኮንዶሙ በእርግጥ እየሰራ ነው ወይ የሚለውን በዛው ሰሞን ይነግርሻል፣ ኤችአይቪውን ብትጠብቂ ዓመታት ይፈጃል። በነገራችን ላይ ይሄ አሰራር የሚወደስበት ቦታ ብዙ ነው፣ የቤት ባለቤትና ፖሊስ ሴቶቹን በግድ እያስመረመሩ እንደነበር ግን ብዙ አይወራም፣ እሱንም ፃፊው።

ያመለጣቸውም አለ። ዓይናቸው ሁሉ ሴተኛ አዳሪ ቤት ላይ ስለነበር ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ባንኮክ ውስጥ በደንብ የመረመሯቸው በ2003 ነው፣ ከ100 17 አገኙ፣ በ2005 28 ሆነ። ቆመሽ ያልጠበቅሽበት ቦታ ዳታ የለም፣ ዳታ ስለሌለ ደሞ በሽታ የለም ይባላል።

«ሲስተር፣ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ህንድ 5.7 ሚሊዮን ሰው ቫይረሱ አለበት ተብሎ በዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ነው መባሉን ፅፈሻል። እኔ በነበርኩበት መስሪያ ቤት ሂሳብ እንደዚህ ግማሽ በግማሽ ቢዛነፍ ሰው ይታሰራል። የኛስ ቁጥር ከዚህ በምን ይለያል?» ከአራት ኪሎ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል፣ ሌባ ግን የለበትም። ህንዶች በፊት ያሰሉ የነበረው በዋናነት የመንግስት ሆስፒታል ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ ሴቶችን እየመረመሩ፣ እሱን አብዝተው ነው። ችግሩ የመንግስት ሆስፒታል የሚሄደው ማነው የሚለው ነው። ድሃው ነው፣ ከዛም አልፎ አንዳንዱ የግል ሆስፒታል ቫይረሱ ያለበትን ሰው ሂድ ወደዛ እያለ ይልክ ነበር፣ ስለዚህ እዛ የተሰበሰበው ደም ከሰፈሩ ደም ይለያል። በ2005 እና 2006 ቤት ለቤት ዞረው ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሲመረምሩ ከ1000 ሰው 3 እንኳን አልሞላም። ከዛ ስሌቱ ተስተካከለ። ሂሳብ ሰራተኛ ነዎት፣ በናሙና ገምቶ ኋላ ቆጠራ ሲመጣ ማረም ያውቁታል።

የኛም ያው ነው የሆነው። ክሊኒክ ተኮር ስሌቱ በ2005 አዋቂው ላይ 3.5 ፐርሰንት ሲል በዛው ዓመት ቤት ለቤት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 1.4 አለ፣ ያኔም ብዙ ተወራ። ግን ቤት ለቤቱም ቅዱስ አይደለም። ቡና ቤት ውስጥ የምታድር ልጅ በየትኛው ቤት ትቆጠራለች? ካምፕ ያለ ወታደር? መንገድ ላይ የሚያድር? ለነዚህ ነው ለብቻ የሚጠና ጥናት የሚያስፈልገው። ህንድ ውስጥ ራሱ ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘው በ1986 ማድራስ ላይ ዶክተር ሱኒቲ ሰለሞን 100 የሴተኛ አዳሪዎች ደም አስመርምራ 6ቱ ላይ ስታገኝ ነው፣ ያኔ አገሩ በሙሉ እኛ ጋ እንደዚህ አይነት ነገር የለም ነበር የሚለው። ያን ሰሞን ቤት ለቤት ቢሄዱ ምንም አያገኙም ነበር።

«ሲስተርዬ እንዴት ነሽ። እኔ ካዛንቺስ ነበር የምሰራው ቡና ቤት፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሃያ ሁለት ዞርኩ። ሰሞኑን አንድ የማውቃት ልጅ ካርድ ሰጠችኝ፣ ጥናት ነው ሂጂ ተመርመሪ ትራንስፖርት ይሰጡሻል፣ አንቺም ሶስት ካርድ ይሰጡሽና ለጓደኞችሽ ትሰጫለሽ፣ እነሱ ሲሄዱ ላንቺ ሌላ ብር አለው አለችኝ። ኔትወርክ ማርኬቲንግ ነው የመሰለኝ። አሻራ ይወስዳሉም ይባላል። ፖሊስ ቢሆንስ? አንቺ ደሞ እስያ እንዲህ አደረጉ እንዲያ አደረጉ ትያለሽ እኛን ማን ጠየቀን?» ከካዛንቺስ የተነሳሁ

እህቴ፣ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ስትይ በጣም ሳቅኩ፣ አሰራሩ እውነትም እሱን ነው የሚመስለው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ ሰው በደንብ ለማጥናት መጀመሪያ ዝርዝር ያስፈልጋል፣ ከዛ ላይ እጣ ለማውጣት። ቢዝነስ የሚሰሩ ሴቶች ዝርዝር ደሞ የትም የለም፣ እንዳይኖርም። ስለዚህ ጥቂት ልጆችን ይጠሩና ካርድ ይሰጧቸዋል፣ እነሱ የሚያውቋቸውን ይጠራሉ፣ የተጠሩት ሌሎች ይጠራሉ። ሶስት ብቻ የሚሰጡሽ አንድ ሰው የራሱን ጓደኞች ብቻ እንዳያመጣ ነው፣ ሰንሰለቱ ሲረዝም የመጀመሪያዎቹ እነማን እንደነበሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ስንት የሚሰሩ ልጆች ታውቂያለሽ ብለውም ይጠይቁሻል፣ ሰላይ ስለሆኑ አይደለም፣ ብዙ ሰው የምታውቅ ልጅ ካርድ የመድረስ እድሏ ስለሚበልጥ በስሌት ለማመጣጠን ነው። ሄካቶርን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሰው በ1997 ያወጣው ዘዴ ነው፣ ቻይናም ቬትናምም ታይላንድም ሰርተውበታል፣ እኛም ጋ ተሰርቶበታል።

አሁን ስለ ፍርሃትሽ። የሰጠችሽን ካርድ እኔ አላየሁትምና የእገሌ ነው ሂጂ አልልሽም። ስትሄጂ ግን ደም ሳትሰጪ በፊት ጠይቂ፣ ማነው የሚያጠናው፣ የስነምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አላቸው ወይ፣ ውጤቴን ዛሬ ትነግሩኛላችሁ ወይ፣ ቢገኝብኝ ህክምና የት ትልኩኛላችሁ፣ መሃል ላይ ልተወው ብልስ። ትክክለኛ ጥናት ከሆነ እነሱ ራሳቸው ሳትጠይቂ አንብበው ይነግሩሻል፣ አልፈልግም ብትይም ማንም አይቆጣሽም። ስምሽን አይፈልጉም፣ የሚሰጡሽ ኮድ ነው። ፋይዳ ቁጥርሽን ወይ መታወቂያሽን አምጪ ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ። አሻራውን በተመለከተ አንዳንድ አገር ሰው ለብሩ ሲል ሁለት ሶስቴ እንዳይመጣ አሻራውን ማሽን ወደ ኮድ ይቀይረዋል፣ ምስሉ አይቀመጥም፣ ግን አንቺ ካልተመቸሽ አልሰጥም ማለት መብትሽ ነው። ብሩ የደምሽ ዋጋ አይደለም፣ የትራንስፖርትና የጊዜሽ ነው። ድሮ በብዙ አገር እርጉዞች ለቂጥኝ ከሰጡት ደም የተረፈውን ስሙን ቀደው ለኤችአይቪ ይመረምሩት ነበር፣ ባለቤቷ አታውቅም ውጤትም የላትም፣ መድሃኒት ባልነበረበት ዘመን ተብሎ ታለፈ። አሁን መድሃኒት እያለ ደምሽን ወስዶ ውጤትሽን የማይነግርሽ ጥናት ቢመጣ ግን እኔ አልቀበለውም አንቺም አትቀበይ።

እኛን ማን ጠየቀን ላልሽው፣ በ2020 አካባቢ በአገራችን 16 ከተሞች ላይ በካርዱ ዘዴ ተጠንቶ ከ100 ሴቶች ወደ 19 የሚሆኑት ላይ ቫይረሱ ተገኝቷል። አስቢው፣ በ2017 እና 18 የኢትዮጵያ ከተሞች አዋቂ ነዋሪ ላይ ከ100 3 ነበር። ቫይረሱ እንዳይዝ ቀድሞ የሚወሰደው መድሃኒት፣ ፕሬፕ፣ እናንተ ጋ ቅድሚያ ይሰጠው ሲባል የሚቀርበው እንደዚህ አይነት ቁጥር ነው፣ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በጀት አያገኝም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው እኔን ራሴን ያሳስበኛል። ስንት ናችሁ የሚለውን እንኳን እንዴት እንደሚያውቁት ታውቂያለሽ? አንዱ ዘዴ የቁልፍ መያዣ ነው። አንድ ሰሞን ዞረው ለምሳሌ 300 ሴቶች ጋ ለየት ያለ የቁልፍ መያዣ ያድላሉ። ከሳምንታት በኋላ ጥናቱ ላይ ከመጡት ሴቶች ይሄን አግኝተሻል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ከአራት አንዷ አዎ ካለች 300ው ሩብ ነበር ማለት ነው፣ ከተማው ውስጥ ወደ 1200 አሉ ይላሉ። ቀላልና ቆንጆ ሂሳብ ነው። የሚሰራው ግን በመሃል ሰው ካልተበተነ ነው። ካምቦዲያ በ2008 ህገ ወጥ የሰው ዝውውርን እከላከላለሁ ብላ ህግ ስታወጣ ፖሊስ ቤቶቹን ዘጋ፣ ሴቶቹ ግን ስራ አልተዉም፣ ካራኦኬና ቢራ ቤት ገቡ፣ ፒሮች፣ ማለትም ኮንዶም እያደሉ ቤት ለቤት የሚያስተምሩት፣ የሚያውቁት አድራሻ ባዶ ሆነ። ኢንዶኔዥያ ሱራባያ ከተማ ላይ ዶሊ የሚባለው ትልቁ ሰፈር በ2014 ሲዘጋም ጥያቄው ያው ነበር፣ የት ሄዱ? ፒያሳና ካዛንቺስ ለልማት ሲነሱ ያየነው ነገር በሽታ ለመከታተል ሲባል የተደረገ አይደለም አውቃለሁ፣ ልማቱን ለመከራከርም አይደለም፣ ግን ዶሮ ማነቂያና ካዛንቺስ ብለው ካርታ የሰሩ ሰዎች ያ ካርታ አሁን አይሰራላቸውም። ብዙው ደሞ በስልክና በቴሌግራም ሆኗል፣ በር ላይ የምትቆም ልጅ ያየ ሰው ሁሉንም ያየ ይመስለዋል።

ሶናጋቺ የሚባል ሰፈር አለ ኮልካታ ውስጥ፣ ከ1992 ጀምሮ ፒሮቹ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ በ1995 ደሞ የራሳቸውን ማህበር አቋቋሙ። ሙምባይ ላይ ከሁለት ሴት አንዷ ስትያዝ ሶናጋቺ ከ100 10 አካባቢ ነበር የቆየው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ለማህበሩ አልሰጥም፣ ግን ምርመራ ሲመጣ ሰው አልሸሸም ምክንያቱም ጠሪዋ የጎረቤት ልጅ ናት። እና ያቺን ካርዱን የሰጠችሽን ልጅ እስቲ ጠይቂያት፣ እሷ ስትሄድ ምን አጋጠማት? ውጤቷን ሰጧት? አክብረው አናገሯት? እኔ ከምነግርሽ የሷ ይበልጣል።

«ለምን ሁሉም ሰው አይመረመርም? አንድ ሰፈር ብቻ መርጦ መመርመር ስም ማጥፋት ነው።» ከሜክሲኮ

ባንግላዴሽን ውሰድ። አዋቂው ላይ ከ1000 አንድ እንኳን አይሞላም። ሁሉንም ልመርምር ብትል አንድ ሰው ለማግኘት ከሺህ በላይ ኪት ታቃጥላለህ፣ ከዛ ደሞ ቫይረሱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ባለበት ቦታ የመጀመሪያው ኪት ፖዘቲቭ ካላቸው ውስጥ ብዙዎቹ እውነተኛ ፖዘቲቭ አይሆኑም፣ ሁለተኛና ሶስተኛ ምርመራ ሳይደረግ ሰው ካስደነገጥክ ጥፋቱ ያንተ ነው። ዳካ ውስጥ በመርፌ እፅ የሚወስዱት ጋ ስትሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስም ማጥፋቱ የሚመጣው ከመመርመሩ ሳይሆን ሰፈሩን በጋዜጣ ከማውጣቱ ነው፣ እዛ ላይ እስማማለሁ።

«ሲስተር ነጋዴ ነኝ፣ ለእቃ ጓንዡና ባንኮክ እመላለሳለሁ። ከመጣሁ ሶስት ሳምንት ሆነኝ፣ እዛ እያለሁ አንድ ነገር ተፈጠረ፣ ኮንዶም አልነበረም። ሽንቴን ያቃጥለኛል ፈሳሽም አለው። ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ ወሰድኩ፣ ትንሽ ቀነስ አለና ተመለሰ። ባለቤቴ አታውቅም። ኤችአይቪ ተመርምሬ ነፃ ነህ ተብያለሁ።» ከሰባተኛ

ወንድሜ፣ ሲፕሮውን አቁምና ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ዛሬ። ጨብጥ ሊሆን ይችላል፣ ክላሚዲያም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ጨብጥ ከሆነ ሲፕሮ እንዳትታመንበት፣ ቻይና ውስጥ የሚመረመረው ጨብጥ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆነው ለሲፕሮ አይበገርም፣ ባንኮክም ያው ነው። አሁን ዋናው መድሃኒት በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሰን ነው፣ እሱም ሁሌ አብሮን እንደሚቆይ ማንም አይምልልህም። በ2009 ኪዮቶ፣ ጃፓን፣ አንዲት በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት መደበኛ ምርመራ ላይ ጉሮሮዋ ውስጥ ሴፍትሪያክሰንን በደንብ የሚቋቋም ጨብጥ ተገኘ፣ በዓለም የመጀመሪያው ነው፣ ልጅቷ ምንም አላመማትም ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ታይላንድ ከ2015 ጀምሮ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ባንኮክ ውስጥ ክሊኒክ ከሚመጡ ወንዶች ናሙና ላይ ጀርሙን ላብ ውስጥ እያሳደገች የትኛው መድሃኒት እንደሚሰራ የምትከታተለው። እኛ ጋ ብዙው ጤና ጣቢያ በምልክት ነው የሚያክመው፣ ላብ ላይ አያሳድግም፣ ስለዚህ ከየት እንደመጣህና ሲፕሮ እንደወሰድክ ደብቀህ ብትታከምና መድሃኒቱ ባይሰራ ማንም አያውቅም። ንገራቸው። መርፌውን ወስደህ በሳምንት ውስጥ ካልተሻለህ ተመልሰህ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ማየት፣ የሚሰራበት ትልቅ ሆስፒታል ላኩኝ በል።

ነፃ ነህ የተባልከው ለዛኛው ሌሊት አይደለም። የፈጣን ምርመራው እስከ ሶስት ወር ላያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ ሶስት ወር ሲሞላ ድገም፣ ቂጥኝም አብረህ ተመርመር። ለወደፊቱ ደሞ እንደዚህ አይነት ነገር ከተፈጠረ 72 ሰዓት ሳያልፍ ከሄድክ ቫይረሱ እንዳይዝህ የሚሰጥ መድሃኒት አለ፣ አሁን አልፎሃል። እስከዛ ከባለቤትህ ጋር ያለ ኮንዶም እንዳትሆን፣ እሷ ጋ ጨብጡ ሄዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ላይ ምልክት አያሳይም፣ ሳይታወቅ ማህፀን ድረስ ሄዶ ልጅ እስከመከልከል ይደርሳል፣ ስለዚህ መታከም አለባት፣ ለመታከም ደሞ ማወቅ አለባት። ከባለሙያው ጋር ሆነህ ልትነግራት ትችላለህ፣ እንደሱ አድርጉልኝ ብትላቸው ያደርጋሉ። እና ስትሄድ ከመግባትህ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ሳትሸና ሂድ፣ ከሸናህ ናሙናው ላይ ብዙም አያገኙም።